ሦስተኛው ድስት

እህቴ ድስቱን የገዛችው እኔ ከአዲስ አበባ ልመለስ በነበረበት ሰሞን ነው። ትንሽ የብረት ድስት ነው፤ ክዳኑ በደንብ አይገጥምም። ከሚኒባስ ወርጄ ሻንጣዬን ይዤ ግቢ ስገባ ድስቱ ታጥቦ በር ላይ ተደፍቷል፤ አጠገቡ አንዲት ዶሮ እግሯን ታስራ ተጋድማለች። እህቴ አገላብጣ ሳመችኝ፣ ከሳህ አለችኝ፤ ከዚያ ውኃ እንኳ ሳልጠጣ፣ "የሚባርክልህ ማነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ለወሎ ሰው ጥያቄው ግልጽ ነው። እኛ ዘንድ ድግስ ሲኖር ሁለት ድስት ይጣዳል። ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በግ ለይቶ ይሰጣል፤ ባርኮ የሚያርደው ባራኪም ወጥ ሠሪዋም ከእነሱ ናቸው። ሙስሊሙ ሲደግስም በተራው እንዲሁ ነው። ቅር የሚለው የለም። ልጆች ሆነን፣ ፊደል ሳንቆጥር፣ የትኛው ጭልፋ የትኛው ድስት ውስጥ እንደማይገባ እናውቅ ነበር። ስለዚህ በስልክ "አንግሊካን ሆኛለሁ" ባልኳት ጊዜ እህቴን መጀመሪያ የታያት ሦስተኛ ድስት እንደሚያስፈልግ ነው።

"የተለየ ሥጋ የለንም" አልኳት። "የእናንተንም እንበላለን፣ የእነሱንም እንበላለን።"

ዶሮዋን አየች፤ እኔን አየች። "ሃይማኖት ሆኖ ሥጋ ከሌለውማ ገና አላለቀም ማለት ነው" አለች።

ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ትሰማ ነበር። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ሁለታችንንም ከልጆቿ ሳትለይ ያየችን ሙስሊም ሴት ናት፤ እትዬ ነው የምንላት። "አንቺ ደሞ ልጁን አታጣድፊው" አለች። "ሃይማኖቱ ቀድሞት መጥቶ ይሆናል፤ ሥጋው ከኋላ በጭነት ይደርስለታል።"

በመጨረሻ ዶሮዋን እኔው አረድኳት። በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አልኩ፣ በአማርኛ። እህቴ ጆሮዋን አቁማ ስትሰማ ቆየችና፣ "ያው የኛው ነው፤ ግዕዙን ብቻ ነው ያወለቅኸው" አለች። ወጡን ግን አልቀመሰችም። "ለማንኛውም" ብላ ሽሮዋን በላች፤ እኔ ከአዲሱ ድስት ብቻዬን በላሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሙ "ያንተ ድስት" ሆኖ ቀረ።

አሁን ስለ እምነቴ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ እንደኔ ወጣቶች ናቸው፤ የስብከት ቪዲዮ ስልካቸው ላይ ሞልቶ ልባቸው የደከመ። አንግሊካን ምን ያምናል፣ ለምን ከወረቀት ይጸልያል ይሉኛል። ቀጥ ያለ መልስ ልሰጥ እጀምርና ሳላስበው ስለ እህቴ ሳወራ እገኛለሁ። ስለዚህ እንደሚመጣልኝ አድርጌ ልናገረው።

ወደዚህ እምነት የገባሁት በመጥፎ ትርጉም በኩል ነው። ከአምባሰል ገጠር ወርደን ሐይቅ ከተማ ከገባን በኋላ ትምህርቱን መሀል ላይ ተውኩት። ግጥም ግን አልተወኝም። ማንም አላስተማረኝም፤ ሠርግ ላይ በአምባሰል ቅኝት የሚዘፍኑ ሴቶች ስንኙን የት እንደሚሰብሩት፣ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስዱ እያዳመጥኩ ነው የለመድኩት። አንድ ቦታ መቀመጥ ደግሞ አልችልም። ደሴ ሄድኩ፣ ኮምቦልቻ ሄድኩ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ኮብልስቶን አነጣፊ ሆንኩ። አንድ ቀን መሠረቱ ከእንግሊዝ የሆነውን የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስናነጥፍ አንድ ሽማግሌ መጥቶ መዶሻችንን ለጥቂት ጊዜ እንድናቆምለት ለመነን። ከጋምቤላ የመጣ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ቄስ አይደለም፤ የማታውን ጸሎት የሚመራ ምእመን ነው። ጓደኞቼ ሻይ ሊጠጡ ወጡ። እኔ ደጁ ላይ ተቀመጥኩ።

ውስጥ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ይላል፣ ሌሎቹ ይመልሳሉ። ማንም አልጮኸም፤ ማንም ከማንም በልጦ ለመጸለይ አልሞከረም። ሽማግሌው ሲወጣ በአማርኛ የተተረጎመ ወረቀት ሰጠኝ። አነበብኩት። አማርኛው አፍ ውስጥ እንደ ጠጠር ይንኳኳል። እርሳስ ለምኜ ማስተካከል ጀመርኩ። በማግስቱ ሽማግሌው ያስተካከልኩትን ጮክ ብሎ አነበበና፣ "ይኼ ይጸለያል" አለ። አንድን ጸሎት ሰው አፍ ላይ በደንብ እስኪቀመጥ ድረስ ደጋግመህ ስትለው ሳታውቀው ጸልየኸዋል። እኔ እንዲህ ነው የገባሁት፤ ያረምኩትን ወረቀት ልመልስ ሄጄ ተንበርክኬ ቀረሁ።

ሽማግሌው ሲያስተምረኝ መጀመሪያ የነገረኝ አዲስ ነገር እንደሌላቸው ነው። ለመዳን የሚያስፈልገው ሁሉ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ፤ በዚያ የሌለውን ካላመንክ ትጠፋለህ ብሎ የሚያስገድድህ ማንም ሊኖር አይገባም። የጥንቶቹ አባቶች የደነገጉት ጸሎተ ሃይማኖት የእኛም ነው። ሰው በእግዚአብሔር ፊት የሚጸድቀው ክርስቶስ ባደረገለት ነው፣ ያንንም በእምነት ይቀበላል፤ መልካም ሥራ እንደ ፍሬ በኋላ ይመጣል እንጂ መግቢያ አይገዛም። ጌታ ራሱ ያዘዛቸው ምሥጢራት ሁለት ናቸው፣ ጥምቀትና ቅዱስ ቁርባን፤ ኅብስቱም ጽዋውም ለምእመኑ ሁሉ። ጸሎቱም ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይሁን። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ድንጋይ እያቀበለኝ ነበር።

እህቴን የገረማት ቁርባኑ ነው። በእኛ አገር ሥጋ ወደሙን የሚቀበሉት በብዛት ሕፃናትና ያረጁ ሰዎች ናቸው፤ መሀል ላይ ያለው አልበቃሁም ብሎ ዳር ይቆማል።

"እንዳንተ ላለ ባጃጅ ነጂም ይሰጣሉ?" አለችኝ።

ይሰጣሉ አልኳት፤ ግን አስቀድሞ ሁሉም ተንበርክኮ በአንድ ድምፅ ኃጢአቱን ይናዘዛል፤ ቄሱም፣ ጳጳሱም፣ ባጃጅ ነጂውም እኩል።

"ጳጳሱም?"

"ጳጳሱም።"

ይቺን ወደደቻት። እምነቴን ከሌላው ጎረቤት ትደብቅልኝ የነበረችው ሴት ሰፈሩ እየሰማት በአጥሩ በኩል ለእትዬ "ጳጳሱን ሳይቀር ያንበረከኩታል" ስትላት ሰማሁ።

ባጃጅ የያዝኩት ወደ ሐይቅ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ከመናኸሪያ ተነሥቼ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በእግር የሚገባበት ድረስ ተሳላሚ አመላልሳለሁ። ሲመሽ ከሐይቁ ዳር አቁሜ የማታውን ጸሎት አነብባለሁ፤ አሳ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲሰበስቡ። ችግሩ ይህ ጸሎት ለብቸኛ ሰው አልተሠራም። መሪው ከንፈራችንን ክፈትልን ብሎ ይጀምራል፤ ሕዝቡ ቀጣዩን ይመልሳል። መዝሙረ ዳዊቱም እየተቀባበሉ ነው የሚባለው። እኔ ሕዝብ የለኝም። ራሴ ብዬ ራሴ ስመልስ አንድ አጥማጅ ስልክ የማወራ መስሎት ድምፁን ዝቅ ያደርግልኝ ነበር።

አንድ ቀን እህቴን ከደሴ ሐኪም ቤት ስመልሳት እዚያው ቆምን። የልቧ በር ጠቧል ተብላ ነበር፤ ልጅ ሳለች በጉሮሮ ሕመም የጀመረ፣ ሳይታወቅ ከእሷ ጋር ያደገ ነው አሉ። ዳገት አትወጣም፤ ስታወራም ቃሉ መሀል ላይ ታርፋለች። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አየችና፣ "የኔ ቦታ የቱ ጋ ነው?" አለችኝ።

ከዚያን ማታ ጀምሮ ሕዝቡ እሷ ሆነች።

ኦርቶዶክስነቷን አልተወችም፤ ተይም አላልኳት። ጸሎተ ሃይማኖቱ ላይ ስንደርስ መንፈስ ቅዱስ ከአብ እንደሚወጣ አብራኝ ትላለች፤ እኛ "ከወልድም" የምንለው ጋ ስደርስ አፏን ትዘጋለች። "እሷን አንተ በላት" ትለኛለች። አንዳንዴ የተጻፈውን መልስ ትታ "እግዚኦ" ትላለች። እኔም አላርማትም። የመስመሩን ግማሽ ትላለች፤ ታርፋለች፤ ትንፋሿን ትሰበስባለች፤ ቀሪውን ትጨርሳለች። እኔ እጠብቃታለሁ። ያን ጊዜ ነው የጋራ ጸሎት ምን እንደሆነ የገባኝ። አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ይጠብቃል። ብቻውን የሚጸልይ ሰው እንደ ልቡ ይፈጥናል፤ ከሌላ ጋር የሚጸልይ ግን ለደካማው ሲል ይዘገያል።

በከተማችን ያሉ ጴንጤ ጓደኞቼ በዚህ ይስቁብኛል። የተጻፈ ጸሎት የሞተ ነው፣ ከልብህ ጸልይ ይሉኛል። ልባቸውን አውቃለሁ፣ መልካም ነው። እኔ ግን አንድ ቀን ከልቤ ልጸልይ ሞክሬ አይቻለሁ። ዶክተሩ ወደ ጎን ጠርቶ፣ የሚያስፈልጋት ቀዶ ጥገና እዚህ እንደማይሠራ፣ የሚሠራበት ቦታ ወረፋው ረጅም እንደሆነ፣ ልቧ ደግሞ ያን ያህል እንደማይጠብቅ ነገረኝ። ወጥቼ ግድግዳ ተደገፍኩ። ገጣሚ ነኝ የምለው ሰውዬ አንድ ቃል አጣሁ። ልቤ ባዶ ነበር። አፌ ላይ የመጣው ማታ ማታ እያነበብኩ የሸመደድኩት ነው፤ ሌሎች ሰዎች፣ ሌላ አገር፣ ሌላ መከራ ውስጥ ሆነው ያሉት። ተውሼ ጸለይኩ።

እህቴ ዶክተሩ የነገረኝን ሳልነግራት ከፊቴ አነበበችው። የጠየቀችኝ ግን ስለ ሕመሙ አይደለም።

ቋንቋችን ሙት ሲያነሣ ይጸልያል። ክርስቲያኑ ነፍሷን ይማር ይላል፤ ሙስሊሙ አላህ ይርሀማት ይላል። ይህን ሳይሉ የሞተ ሰው ማንሣት ነውር ነው። የእኔ ቤተ ክርስቲያን ነባር ትምህርት ደግሞ እዚህ ላይ ቆጠብ ይላል። በክርስቶስ አምኖ የሞተ ሰው በእግዚአብሔር እጅ ነው፤ በእኛ ተዝካርና ልመና የሚወጣበት የማንጻት ስፍራ የለም፤ ክርስቶስ አንድ ጊዜ የፈጸመው በቂ ነው። ስለዚህ በቀብሩ ጸሎት ላይ ስለ ሟቹ እናመሰግናለን፤ እኛም ከእሱ ጋር እንድንደርስ እንለምናለን። አዲስ አበባ፣ ሁሉም ሰው ጤነኛ ሆኖ ሲቀመጥ፣ ይህ ትምህርት እፎይ ያሰኘኝ ነበር። ሰው ዘመዱ ሞቶ ደግሶ ከሚደኸይ አርፎ ይተኛ ማለት ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ተቀብዬዋለሁ። ዛሬም አምነዋለሁ።

ባጃጁ ውስጥ ተቀምጠን፣ ጸሎቱን ጨርሰን፣ "ስሞት ነፍሷን ይማር ትላለህ?" አለችኝ።

ውኃውን አየሁ። "ስለ አንቺ አመሰግናለሁ" አልኳት።

"እሱን አልጠየቅሁህም።"

"እታለም፣ እሱ ምሮሻል ብዬ ነው የማምነው። እንደገና ማርልኝ ብዬ ብለምነው እንዳላመንኩት ይሆንብኛል።"

አረፈች። ጠበቅኳት። "ሰው ሁሉ ሲለው" አለች፤ እንደገና አረፈች። "ሰው ሁሉ ሲለው አንተ ዝም ካልክ፣ የጎደለው ያንተ ድምፅ መሆኑ የማይታወቀኝ ይመስልሃል?"

ሽማግሌው ለዚህ መልስ አላስተማረኝም። ቆይታ እሷው አዘነችልኝ።

"እሺ፤ ማመስገኑንም ቢሆን ጮክ ብለህ አመስግን። ሰው ፊት። ወንድሟ ዝም አለ እንዳይባል።"

"እሺ።"

"አንተንስ ማን ይቀብርሃል?"

ቅሬው አለ አልኳት። ቅሬ የቀብር ማኅበራችን ነው፤ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሰፈሩን ሁሉ ይይዛል፣ ጥሩንባ ሲነፋ የማይመጣ የለም።

"ጉድጓዱንስ ይቆፍሩልሃል" አለች። "ጸሎትህን ማን ይመልስልሃል?"

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሞተች። መቃብሯን ከቆፈሩት መሀል የእትዬ ወንዶች ልጆች ነበሩበት፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ካህናቱ ፍትሐት አደረሱላት፣ በግዕዝ። እኔ ሕዝቡ በማይሰማው ቋንቋ አይጸለይ የምል ሰው፣ ያን ቀን አለመስማቴን ወደድኩት። ቢገባኝ ኖሮ እያንዳንዱን ቃል አምናለሁ ወይስ አላምንም ብዬ መወሰን ነበረብኝ። ዜማው ብቻ በላዬ አለፈ። የመጣው ሰው ሁሉ ትከሻዬን እየያዘ ነፍስ ይማር አለኝ። እኔ ራሴን ዝቅ አደረግሁ። አንዱም ሰው መልሴን አልጠበቀም፤ ለቀስተኛ ነው ብለው አለፉኝ። እኔ ግን አውቅ ነበር። የጎደለው የኔ ድምፅ ነበር።

ተዝካሩን የደገሰው ዘመድና ሰፈሩ ነው። አላምንበትም ብዬ ልቀር አልቻልኩም፤ ዳስ ስጥል፣ እንጨት ስፈልጥ ሰነበትኩ። አንድ ሰው፣ ክፉ ልብ ሳይኖረው፣ "አንተ ዛሬ ከየትኛው ድስት ነህ?" ብሎ ቀለደብኝ። የነፍስ አባቷን አስፈቀድኳቸው፤ ጥቂት ቃል ልናገር፣ ቃል ገብቼላታለሁ አልኳቸው። ቄሱ ጺማቸውን ይዘው አሰቡ። "ከጸሎቱ በኋላ፣ ከምግቡ በፊት" አሉኝ። "አታርዝመው።"

ቆምኩ። አላረዘምኩትም። እሷን ስለ ሰጠኸን እናመሰግንሃለን አልኩ። እናት ሳትሆን እናት ስለ ሆነችኝ፤ በእጇ ስለ በላሁት፤ እስከ መጨረሻው ስለ ያዘችው እምነቷ፤ እኛም ከእሷ ጋር ወደ መንግሥትህ እንድንደርስ አድርገን። ድምፄ ጥሩ ነበር። ጮክ ብያለሁ። ከዚያ በልማድ፣ ሕዝቡ የሚመልስበት ቦታ ላይ ዝም አልኩ።

ማንም አልመለሰም። ወረቀቱ ያላቸው አልነበሩም፤ እንደሚጠበቅባቸውም አያውቁም። ዳሱ ሙሉ ሰው አየኝ። እኔም አየሁት። እህቴ አርፋ፣ ትንፋሽ ሰብስባ የምትጨርሰውን ግማሽ መስመር ጠበቅሁ።

"ጨረሰ?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ጨርሷል መሰለኝ።"

ጭልፋው መንኳኳት ጀመረ። በአንድ በኩል የክርስቲያኑ ድስት፣ በሌላው በኩል የሙስሊሙ። ዳር ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ እትዬ በጨርቅ የያዘችውን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። ክዳኑ የማይገጥመው ድስት ነው።

"ያንተ" አለችኝ።

"እትዬ፣ እኔ ከሁሉም እንደምበላ ታውቂያለሽ።"

"እኔማ አውቃለሁ። እሷ ናት ያዘዘችኝ።" ከአጠገቤ ተቀመጠች። "አልጋ ላይ ሆና ነው ያለችኝ። ሥጋ ካደረግሽበት ባራኪ ይቸግራል፣ ምስር ይሁን። ምስር ከሆነ ማንም ቀርቦ ሊበላለት ይችላል አለች።"

ክዳኑን አነሣሁት። ቀይ የምስር ወጥ ነው፣ እስከ አፉ ድረስ። እኔ ስለ አንድ ኅብስትና ስለ አንድ ማዕድ ባወራሁ ቁጥር እህቴ ዝም ብላ ትሰማኝ የነበረው ይህን ስታሰላ ኖሯል። የእኔ ትምህርት ድስቱ አያስፈልግም ይል ነበር። እሷ ድስቱን አቆይታ ሥጋውን አስወጣችው።

ማንም ግን ወደኛ አልመጣም። ክፋት አይደለም፤ ሥጋ እየታደለ ምስር ፍለጋ የሚነሣ የለም። እትዬ ብቻ ቢስሚላህ ብላ እጇን ሰደደች። "ዶሮህ ነክቶት ነበር፤ በአመድ ፈትጌ አጥቤዋለሁ" አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። አንድ ሁለት ጎረስን። እህቴ ከዚህ ድስት አንድም ቀን አልበላችም።

እትዬ እጇን ገታ አድርጋ ዳሱን፣ ሰዉን፣ በሩን አየች፤ እዚያ በር ላይ ቆማ ሰው የምታስገባዋን እህቴን የምትፈልግ ይመስል። "አላህ ይርሀማት" አለች።

"አሜን" አልኩ።

ሳላስበው ወጣ። ያላልኩትን፣ አልልም ያልኩትን ጸሎት፣ ሌላ ሰው ሲለው ሕዝብ ሆኜ መለስኩለት። በኋላ ለሽማግሌው ደውዬ ነገርኩት፤ ተሳስቼ እንደሆን ጠየቅሁት። "ማታ ጸልየሃል?" አለኝ። ጸልያለሁ አልኩት። "ነገም ጸልይ" አለኝ፣ ሌላ አልጨመረም።

ስለዚህ ለሚጠይቁኝ ሁሉ ይህን ያህል ነው የማውቀው። ሙታን በእጁ ናቸው፤ ይህን አምናለሁ። ከእኛ ጋር አንድ አካል መሆናቸውንም አምናለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት የቅዱሳን ኅብረት ብላ የምትመሰክረው እሱን ነው። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ግን ከባጃጁ ኋላ ወንበር ድምፅ አይመጣም።

አሁንም ሲመሽ ሐይቁ ዳር አቆማለሁ። የመሪውን መስመር እላለሁ። የሕዝቡን አልልም። ግማሹን ብላ፣ አርፋ፣ ትንፋሿን ሰብስባ፣ ቀሪውን እስክትጨርስ የሚበቃትን ያህል እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ አልፋለሁ። አንዳንዴ ተሳፋሪ መጥቶ የባጃጁን መሪ ይዤ ዝም እንዳልኩ ያየኛል፤ ትሄዳለህ ይለኛል። እሄዳለሁ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ እላለሁ።